ሸክላው ላይ የተጻፈው ስም

አጎቴ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ አንድ የጫማ ካርቶን አለ። ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ሸክላዎች አሉ፤ ሁሉም ትንንሾቹ፣ ባለ 45 ዙር። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። «መርፌ የሚሸጥ ሰው ጠፋ» ብሎ ሲተወው እኔ ገና ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም ነበር። ሸክላዎቹን ግን አይሸጥም፣ አያውስም፣ ለእንግዳም ዝም ብሎ አያሳይም።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከጓደኛዬ ጋር ልንጠይቀው ሄድን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ራሱ ተነሥቶ ካርቶኑን አወጣው።

«እናንተ የሙዚቃ ንግድ ጀመርን ብላችሁ የለ?» አለን። «እስቲ ያዙ ይሄን። በጠርዙ ያዝ! ጣትህን አታሳርፍበት።»

የሙዚቃ ንግድ ያለው የኛን ነገር ነው። እኔ ቀን ቀን ሶፍትዌር እጽፋለሁ፤ ጓደኛዬ አቀናባሪ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እሱ የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስፖንጅ ለጥፈን ጀመርን። ለአጫጭር ፊልሞች ድምፅ ሠራን፣ ለጀማሪ ድምፃውያን ነጠላ ዜማ አቀናበርን፣ የራሳችንንም ለቀቅን። ስም አለን፣ አርማ አለን፣ የቴሌግራም ቻናል አለን። ንግድ ፈቃድ የለንም። የባንክ ሒሳብ የለንም፤ ገንዘቡ በጓደኛዬ ቴሌብር ይገባል፣ ማታ ማታ እንካፈላለን። ውል የሚባል ነገርማ ጭራሽ። «ወንድሜ፣ በኛ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ነበር የሁሉም ሰው መልስ፣ የኛም ጭምር።

ከዚያ ባለፈው ዓመት ከሥራዎቻችን አንዱን በማስታወቂያ ላይ ሰማነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት ነው። ደወልን። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ትሑት ነበረች፤ ለአለቃዋ አስተላለፈችን። አለቃዋም አልተቆጣም፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀን። «ማን ልበል? ድርጅት ናችሁ ግለሰብ? ዘፈኑ የእናንተ ለመሆኑ ምን አላችሁ?» ለሦስቱም መልስ አልነበረንም። ጓደኛዬ «የቴሌግራም ቮይስ አለን» ሊል ሲል ስልኩን ነጠቅኩት።

እንግዲህ ያን ቀን አጎቴ ቤት ሸክላውን በጠርዙ ይዤ የማነበው ይሄን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የድምፃዊው ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ የአቀናባሪው ስም፣ የአሳታሚው ስምና አንድ ቁጥር አለ። ወረቀቱ አልቆ ባዶው ቀለበት ሲጀምር ደግሞ ፕላስቲኩ ላይ ራሱ በቀጭኑ የተጫረ ሌላ ቁጥር አለ፤ ብርሃን ላይ ካላዘነበሉት አይታይም። አሳታሚው «አምሃ ሪከርድስ» ይላል።

«ይሄ ሰውዬ ግን ፈቃድ ነበረው?» አልኩት አጎቴን።

ሳቀ። «ፈቃድማ የሌላ ሰው ነበር» አለኝ።

* * *

አጎቴ ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት፣ በዚያን ዘመን ሙዚቃ የማን እንደነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አዋጆቹን ብቻ በራሳችን አቆጣጠር፣ እንደ ስማቸው እጠራቸዋለሁ።)

ዘመናዊ ሙዚቃ በአመዛኙ የመንግሥት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። ዛሬ በፍቅር የምንጠራቸው ድምፃውያን ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው የወጡት። መሣሪያው የተቋሙ ነው፣ ዩኒፎርሙ የተቋሙ ነው። ማታ ክበብ ውስጥ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ መገኘት ሊኖርበት ይችላል።

የሸክላው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነበር። በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ የማስመጣትንና የማሳተምን ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶታል። ሀገር ፍቅርን መኮንን ሀብተወልድ በ1935 ሲያቋቁሙት ጣሊያን ልትወረን ተቃርባ ነበር፤ ሥራው በንግግር፣ በመዝሙርና በቴአትር ሕዝቡን ለአገሩ ማነሣሣት ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ያው ማኅበር የሸክላ ንግድ በር ጠባቂ ሆነ። በሩን ሲጠብቅ ዓመታት አለፉ፤ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ክበብ ውስጥ በየምሽቱ የሚሰማው አዲስ ሙዚቃ በሸክላ እየታተመ አልወጣም። ኦርጋኑ፣ ሳክስፎኑ፣ ትዊስቱ ከተማውን ሞልቶታል፤ ወደ ቤት ይዘኸው የምትሄደው ነገር ግን የለም።

አምሃ እሸቴ በዚህ መሃል ሙዚቃ ቤት ነበረው። የውጭ ሸክላ ይሸጣል። ሙዚቃ ቤት ያለው ሰው ከሌላው በፊት የሚያውቀው ነገር አለ፤ ሰው በር ላይ ቆሞ ምን ጠይቆ፣ ምን አጥቶ እንደሚመለስ ያውቃል። በሶፍትዌር ሥራ እኛ ይሄን ለማወቅ ስንት ነገር እንለካለን! እሱ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ይሰማው ነበር።

በ1969፣ ዕድሜው ሃያ አራት ገደማ እያለ፣ የራሱን አሳታሚ ድርጅት ጀመረ። ድንጋጌው አልተሻረም። የተለየ ፈቃድም አልተሰጠውም። በኋላ ለፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ሲያስታውሰው፣ ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ ብታሰር ነው ብሎ አስቦ እንደገባበት ተናግሯል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሸክላዎች ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ሠርቶ ወደ ህንድ ላካቸው፤ እዚያ ታትመው መጡ። የተፈራው አልሆነም። እሱም አልታሰረ፣ ሥራውም አልቆመ። ሌሎችም ተከተሉ። ፊሊፕስ በኢትዮጵያ አሳተመ፤ ብዙ ሰው «ዓሊ ታንጎ» እያለ የሚያውቃቸው ዓሊ አብደላ ካይፋ ደግሞ ካይፋ ሪከርድስን ይዘው መጡ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እዚህ ድረስ ነው፤ ደፋር ወጣት፣ የማይሠራ ሕግ፣ የተሰበረ በር። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት ቀን ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። «አየህ! ፈቃድ ሳይኖረው ነው የጀመረው» አልኩት። «በቃ እኛም እንደሱ ነን!»

ኋላ ሳስበው ግን እንደሱ አልነበርንም።

* * *

ልዩነቱ የገባኝ ያቺ ፕላስቲኩ ላይ የተጫረችው ቁጥር ምን እንደሆነች ስጠይቅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ አልነበረም። ስለዚህ የተቀረጸው ቴፕ ወደ ውጭ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ቤይሩት። ህንድ ያለ ሠራተኛ ደግሞ አማርኛ አይሰማም። የትኛው ቴፕ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ገጽ አንድ፣ የትኛው ሁለት እንደሆነ በዘፈኑ ሊለየው አይችልም። ፋብሪካ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ቅርጹ ላይ ይጫራል፤ ከቅርጹ ወደ እያንዳንዱ ሸክላ ያልፋል። መለያው ወረቀት የሚታተመውም በዚያው ልክ ነው፤ ርዕስ፣ ድምፃዊ፣ አቀናባሪ፣ ባንድ። አምሃ ለሥራዎቹ ከስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች የሚነሣ ተከታታይ ቁጥር ሰጣቸው።

ለኔ ቢጤ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ዳታቤዝ ውስጥ መለያ ቁጥር የሌለው ነገር የለም ማለት ነው፤ አትፈልገውም፣ አታገኘውም፣ ከሌላ ነገር ጋር አታያይዘውም። ኮድ ስጽፍ እያንዳንዷ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረጋት የሚይዝ መዝገብ አለ፤ ያለሱ አንድ ቀን አልሠራም። ለሙዚቃችን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም። የፋይሎቻችን ስም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ እውነተኛው» ነበር።

ወደ አምሃ ልመለስ። ከ1969 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 ኤል ፒዎችን አሳተመ። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 ያወጣው የኢትዮ ጃዝ አልበም ከነዚህ አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ምርት ከሁሉም አሳታሚዎች ተደምሮ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ያህል ኤል ፒዎች እንደሚሆን ይገመታል። አንድ ሰው ከአንድ ሱቅ ተነሥቶ የዚያን አንድ አምስተኛ ያህል ሠራ ማለት ነው። ከላይ ፈቃድ ሳይሰጠው ጀመረ፤ የሠራውን ግን ከታች እየመዘገበ ሄደ።

እኛ ሁለቱን ነገር አንድ አድርገን ነው የምናየው። «ሕጋዊ መሆን» ሲባል ወረፋ፣ ማኅተም፣ «ነገ ና» ነው ትዝ የሚለን። ያ ፈቃድ ነው፤ የሚሰጥህ ሌላ ሰው ነው፣ ሊነሣህም ይችላል። መዝገብ ግን ራስህ የምትይዘው ነው። ማን ጻፈ፣ ማን አቀናበረ፣ ማን ተጫወተ፣ መቼ፣ ስንት ተከፈለው። ይሄን ለመያዝ ማንንም አታስፈቅድም። እኛ ፈቃዱን ፈርተን መዝገቡንም አብረን ትተነው ነበር።

* * *

መዝገቡ ምን እንደሠራ የታየው ፈቃዱም፣ ሱቁም፣ ክበቡም ከጠፋ በኋላ ነው።

በመስከረም 1974 ንጉሡ ወረዱ። ሰዓት እላፊ መጣ፤ ማታ የሚኖር ሙዚቃ በሰዓት እላፊ መሃል ምን ይሆናል? አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ። ድርጅቱ ያን ጊዜ ቆመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸክላ ራሱ ከኢትዮጵያ ገበያ ወጣ፤ ካሴት ተተካ። ካሴት ደግሞ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገለብጠዋል። ሲገለበጥ የሚተላለፈው ድምፁ ብቻ ነው፤ ስሞቹ አይተላለፉም። በእስክሪብቶ «ጥላሁን ምርጥ» ተብሎ የተጻፈበት ካሴት ላይ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው ከየት ታውቃለህ?

አምሃ ግን ዋሽንግተን ሆኖም ከሙዚቃው አልራቀም። በ1981 ዋልያስ ባንድን ለጉዞ ወደ አሜሪካ ያስመጣው እሱ ነው። ከባንዱ አባላት ግማሾቹ አልተመለሱም፤ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፣ ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠራ።

ከዚያ በ1990ዎቹ ፋልሴቶ ያን ዘመን እንደገና ለማሳተም ተነሣ። በ1986 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» አንድ የቤልጅየም ኩባንያ አሳትሞት አውሮፓ ውስጥ ጆሮ አግኝቶ ነበር። አሁን የተፈለገው አንድ አልበም ሳይሆን ሙሉ ዘመኑ ነው። የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በ1997 «ኢትዮፒክስ» ብሎ የጀመረው ተከታታይ ወደ 30 ቅጾች ደረሰ። የመጀመሪያው ቅጽ ሽፋን ላይ «ከ1969 እስከ 1975» ይላል፤ አምሃ ሪከርድስ የኖረባቸው ዓመታት ናቸው። ያን ጊዜ አምሃ ከስደት ወደ አገሩ ተመልሷል። የሚጠየቅ ሰው አለ፣ የሚጠየቅበት ስም አለ፣ ዘፈኖቹን የሚለይ ቁጥር አለ። ሃያ ምናምን ዓመት የተዘጋ ድርጅት እንደገና ውል መፈራረም ቻለ። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ ነው፤ ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ሙዚቃው ከተሰማ በኋላ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ መጣለት።

እኔን ከሁሉም የነካኝ ግን የግርማ በየነ ነገር ነው። ግርማ በድምፁ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛው ሥራው ቅንብር ነው። አቀናባሪ መድረክ ላይ አይታይም፣ በመልክ አይታወቅም። ስሙ ያለው መለያው ወረቀት ላይ ነው፣ ከርዕሱ በታች፣ በትንሹ። እነዚያን ሸክላዎች ሰብስበው ያነበቡ ሰዎች ያ ስም ደጋግሞ ሲመጣ አዩት። ግርማም ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ በ2017 ከፈረንሳዩ «አካሌ ውቤ» ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ፣ የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ። ያ ትንሽ መስመር ባይታተም ኖሮ ነዳጅ ማደያ ያለውን ሰው ማን ብሎ ይጠራው ነበር?

ደግሞ አንዱን ብቻ አውርቼ ሌላውን ልተወው አልፈልግም። በዚያን ዘመን የተለመደው ለሙዚቀኛው አንድ ጊዜ ተከፍሎት መለያየት ነበር። ዘፈኑ ዓመታት ቢሸጥ፣ ባሕር ተሻግሮ ቢታተም፣ ጀርባ ላይ ሆኖ ለተጫወተው ምን ይደርሰዋል የሚል ውል አልተለመደም። መለያው ላይ «ከእገሌ ባንድ ጋር» ተብሎ የታለፈ ስንት ሰው አለ። ስሙ ያለው ሰው ይፈለጋል፤ ስሙ የሌለውን ማንም አይፈልገውም። አምሃ እሸቴ በሚያዝያ 2021 አረፈ፤ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተከተለው። ከእንግዲህ «ያን ቀን ማን ነበር የተጫወተው?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። የቀረው የተጻፈው ብቻ ነው።

* * *

አሁን ወደ እኛ ወረቀት።

ዛሬ በሩ ላይ የቆመ ማኅበር የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፈጠርከው ነገር ወጥ ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ፣ ማለትም ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ፣ ምንም ሥርዓት መፈጸም ሳያስፈልግህ መብቱ ያንተ ነው ይላል። መብቱን ለሌላ ስታስተላልፍ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው የገባኝ፤ የመብት ባለቤት ለመሆን ፈቃድ አላስፈለገንም ነበር። ያ ሰውዬ በስልክ ሲጠይቀን የጎደለን ማስረጃ ነው።

ንግዱን ለማስመዝገብ ደግሞ መንገዱ ሁለት ነው። ወይ በአንድ ሰው ስም እንደ ግለሰብ ነጋዴ፣ ወይ እንደ ማኅበር። የ1952ቱ ንግድ ሕግ ኃላፊነቱ ለተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቅ ነበር፤ ስንቱ ሰው ለስም ብቻ እናቱን ወይ ወንድሙን አባል አድርጓል! አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባልም ፈቅዷል።

ጓደኛዬ ቶሎ መፍትሔ አገኘ። «አንተ ደመወዝ አለህ፣ ወረቀትም ይገባሃል፤ በአንተ ስም ይውጣና እንገላገል» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቅጹንም መሙላት ጀምሬ ነበር። ባለቤት የሚለው ቦታ ላይ ስሜን ስጽፍ ያ ክብ ወረቀት ትዝ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ አንድ ሰው የኛን ሥራ ቢፈልግ የሚያገኘው የኔን ስም ነው። ሙዚቃውን የሠራው ልጅ ግን ስሙ የትም የለም።

ቅጹን ዘጋሁትና ቀለል ያለ ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ሁለታችንም ተቀመጥን። ቁጥር፣ ርዕስ፣ የተሠራበት ቀን፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ተጫዋቾች፣ የተከፈለ፣ ድርሻ። ከ001 ጀመርን። በሦስት ዓመት ሠላሳ አንድ ሥራ ሠርተናል፤ አርባ ምናምን ይመስለን ነበር። አንዳንዱ ላይ ተከራከርን። 014 ላይ ዜማው የማን እንደሆነ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተጨቃጭቀን ቴሌግራሙን ወደ ኋላ ስንገለብጥ የሦስተኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። አሳፈረን፤ በማግስቱ ደወልንላት፣ ሳቀችብን።

003 ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም አልን። ያ ማስታወቂያ ላይ የሰማነው ሥራ ነው። ማስታወቂያው የወሰደው ክፍል ደግሞ አሥራ ሁለት ሰከንድ የምትሆን የማሲንቆ ድምፅ ናት፤ የዘፈኑ ጌጥ እሷ ነች። የተጫወተው ሰው ካሳንችስ አንድ አዝማሪ ቤት ያገኘነው ልጅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ሻይ ጠጣ፣ ሁለቴ ተጫወተ፣ 1,500 ብር በእጁ ሰጠነው፣ ሄደ። የአባቱን ስም አልጠየቅነውም። ሥራው ሲለቀቅ ስሙን አልጻፍንም። «ስማችን ሳይጠራ ሥራችንን ወሰዱብን» ብለን ስንት ሰው ፊት አልቅሰናል!

ስልኩ አይሠራም። ቤቱም የለም፤ ያ ሰፈር ፈርሷል። ጓደኛዬ ሁለት ቅዳሜ ሄዶ ጠየቀ። ከዚያ ቤት የወጡ አዝማሪዎች ወደ አያት አካባቢ ሄደዋል የሚል ሰው አግኝቷል።

ማኅበሩ በሁለታችን ስም እንዲሆን ተስማምተናል፤ ስድሳ ለእሱ፣ አርባ ለእኔ። ለአባላት ያልሆነ ድርሻ ደግሞ በየሥራው ሠንጠረዡ ላይ አለ፤ መመሥረቻ ጽሑፉን የምታየው ጠበቃ በአባሪ እንድታስገባው ጠይቀናታል። ቀጠሯችን ሰኞ ነው። አጎቴ ሲሰማ «እሰይ» አለና ወዲያው «ታክሱን ግን አስባችሁበታል?» አለን።

ቅዳሜ አያት እንሄዳለን። 003 ላይ «ማሲንቆ» ከሚለው አጠገብ እስካሁን የተጻፈው የመጀመሪያ ስሙ ብቻ ነው።